ባለቤትና ተሳቢ ያጣ ቃል፦ «ሜቲሌሽን» በድኅረ ምረቃ ጽሑፎቻችን

ባለፉት ዓመታት በፈታኝነት ከተቀመጥኩባቸው የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያዎች መካከል «ሜቲሌሽን» የሚለው ቃል ያልተነሣባቸው ጥቂቶች ናቸው። የኬሚስትሪ ተማሪው የኑግ ዘይትን ሲመረምር፣ የሕክምና ተማሪዋ ስለ አንጎል ዕጢ ስትጽፍ፣ የሥነ ምግብ ተመራማሪው ስለ ፎሊክ አሲድ ሲያትት፣ የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያዋ በሐይቅ ደለል ውስጥ ስላለ ሜርኩሪ ስትዘግብ፣ ሁሉም ይህንኑ ቃል ይጠራሉ። የቃሉ መብዛት በራሱ አያሳስብም። የሚያሳስበው «ሜቲሉ የታሰረው በየትኛው አቶም ላይ ነው? ያመጣውስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ የሚከተለው ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ ከዝምታው በኋላ «ምክንያቱ ሜቲሌሽን ነው» የሚል መልስ ሰማሁ። ተማሪው ጎበዝ ነበር፤ የቤተ ሙከራ ሥራውም ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። ያሳሳተው ቃሉ ነው፤ ቃሉን በዚያ መልክ ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን።

ላቀርበው የምሻው ሐሳብ ይህ ነው። ሜቲሌሽን የአንድ ክንውን ስም እንጂ የምክንያት ስም አይደለም፤ እንደማንኛውም ክንውን ባለቤት፣ ተሳቢና ቦታ አለው። «ንብረት ተወሰደ» ብሎ ማን፣ ምን፣ ከየት እንደወሰደ የማይገልጽ የክስ ማመልከቻ ፍርድ ቤት አይቀበልም። የምርምር ጽሑፍ ግን «ሜቲሌሽን ታይቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በደስታ ተቀብሎ ወደ ማጠቃለያው ሲያልፍ እናያለን።

ትርጓሜው ቀላል ነው። ሜቲል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያሉት፣ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ ከምናውቃቸው የካርቦን ቡድኖች ሁሉ ትንሹ ነው። በተለመደው አኳኋን አንድ ሃይድሮጂን ወጥቶ በቦታው ሜቲል ሲታሰር የሞለኪዩሉ ክብደት በ14 ዳልተን ይጨምራል። ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ ፈረንሳዊያኑ ዱማና ፔሊጎ ከእንጨት የሚጣራውን መንፈስ ሲመረምሩ ሲሆን፣ ቃሉን ያበጁት ወይንና እንጨት ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። የዚያ የእንጨት መንፈስ ትዝታ እስከ ዛሬ ቁስል ማጠቢያና ምድጃ ማቀጣጠያ በሚሆነው «ሜቲሌትድ ስፒሪት» ውስጥ ይኖራል። የሚገርመው፣ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሜቲሌት የተደረገ ምንም ሞለኪዩል የለም፤ ለመጠጥ እንዳይውል ሜታኖል የተቀላቀለበት ኤታኖል ነው። ቃሉ መሸፈን የጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎቻችን በተደጋጋሚ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ የቅባት ምርመራ ነው። የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት በጋዝ ክሮማቶግራፊ እንዲመረመር፣ የቅባት አሲዶቹ በቀላሉ ወደሚተን ሜቲል ኤስተር መለወጥ አለባቸው። ይህ እርምጃ በሥነ ዘዴ ክፍል ውስጥ «ናሙናው ሜቲሌት ተደረገ» በሚል አንድ መስመር ያልፋል። በዚያ መስመር ስር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ኬሚስትሪዎች ተደብቀዋል። ሜታኖልና አሲድ ከተጠቀምን፣ የሚገባው ሜቲል ብቻውን አይደለም፤ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ የሚሰናበተው የቅባት አሲዱ ኦክስጅን ነው። ሮበርትስና ዩሬ እ.ኤ.አ. በ1938 ከባድ ኦክስጅን ያለበትን ሜታኖል ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አገናኝተው ይህንኑ በግልጽ አሳይተዋል። ዳያዞሜቴን ከተጠቀምን ግን አሲዱ ሁለቱንም ኦክስጅኖች እንደያዘ ይቆያል፤ ባዶውን የመጣው ሜቲል ነው። ሶዲየም ሜቶክሳይድ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከግሊሰሮል ጋር የተሳሰሩትን አሲዶች ነቅሎ ወደ ሜታኖል ማዛወር ነው።

የመጨረሻው ምርት ተመሳሳይ ከሆነ ልዩነቱ ምን ፋይዳ አለው የሚል ይኖራል። ፋይዳው ቁጥሩ ላይ ነው። ዳያዞሜቴን የሚያገኘው ነጻ የቅባት አሲዶችን ብቻ ነው፤ ትራይግሊሰራይዱን አይነካውም። ሶዲየም ሜቶክሳይድ በተቃራኒው ትራይግሊሰራይዱን ይለውጥና ነጻ አሲዶቹን ይተዋቸዋል። ትኩስ የኑግ ዘይት ላይ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ለወራት በሙቅ መጋዘን ተቀምጦ ነጻ አሲዱ የበዛ ዘይት ላይ ግን ተማሪው ያልቆጠረውን ክፍል «የለም» ብሎ ይዘግባል። «ሜቲሌት ተደረገ» ከማለት «በሶዲየም ሜቶክሳይድ ወደ ሜቲል ኤስተር ተለወጠ» ማለት የአራት ቃል ጭማሪ ብቻ ነው፤ አንባቢው ግን ምን እንደተቆጠረና ምን እንዳልተቆጠረ ያውቃል።

ወደ ሕያው ህዋስ ስንገባ ሜቲል ለጋሹ አብዛኛውን ጊዜ ኤስ-አዴኖሲልሜቲዮኒን የተባለው ሞለኪዩል ነው፤ ጁሊዮ ካንቶኒ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀን። በዚህ ሞለኪዩል ውስጥ ያለው ሰልፈር ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለተሸከመ ሜቲሉን ለመስጠት የተዘጋጀ ነው፤ ተቀባዩም ኤሌክትሮን የተረፈው ናይትሮጂን፣ ኦክስጅን ወይም ካርቦን ይሆናል። የሜርኩሪ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ፖዘቲቭ የሆነው የሜርኩሪ አዮን የሚሻው ኤሌክትሮኖቹን ይዞ የሚመጣ ሜቲል ስለሆነ፣ ኦክስጅን በሌለው ደለል ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሥራውን የሚያከናውኑት ከቫይታሚን ቢ12 ጋር ዝምድና ባለው ፕሮቲን አማካይነት ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ዘረመሎች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት ልጠቁም። የባክቴሪያ ሜቲሌሽን ሲነሣ የጃፓኗ ሚናማታ በምሳሌነት ትጠቀሳለች። በ1956 በይፋ የታወቀውን ያን መከራ ያመጣው ሜቲልሜርኩሪ ግን በዋነኛነት የተፈጠረው አሴታልዲሃይድ በሚያመርተው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው የፈሰሰው ከሜቲሉ ጋር ተሳስሮ ነው። ባለቤቱን ካልጠየቅን የፋብሪካውን ጥፋት ለባክቴሪያ እናሸክማለን።

ለአገራችን አንባቢ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ በየዕለቱ ከሲኒ የምንጠጣው ነው። ካፌይን በመሠረቱ ሦስት ሜቲሎች የታሰሩበት ዛንቲን ነው። የቡና ተክል ሜቲሎቹን በአንድ ጊዜ አያስራቸውም። መጀመሪያ በ7ኛው ናይትሮጂን፣ ቀጥሎ በ3ኛው፣ በመጨረሻም በ1ኛው ላይ ያስራቸዋል። ከሁለተኛው ሜቲል በኋላ ያለው ውሁድ ቴኦብሮሚን ይባላል፤ ካካዎ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ካፌይን ይሆናል። እንቅልፍ በሚያሳጣውና በማያሳጣው ሲኒ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው በዚህ በ1ኛው ናይትሮጂን ላይ ያለ አንድ ሜቲል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር የመነጩ የአረቢካ ተክሎችን አንድ በአንድ ሲመረምሩ በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። የጥናቱ ውበት ካፌይን መጥፋቱን በመዘገብ አለማብቃቱ ነው። በዛፎቹ ውስጥ ቴኦብሮሚን ተከማችቶ ስለተገኘ፣ ጉድለቱ በመጨረሻው እርምጃ፣ ቴኦብሮሚንን ወደ ካፌይን በሚለውጠው ኢንዛይም ላይ መሆኑ ተመለከተ። እነዚህን ዛፎች «የሜቲሌሽን ጉድለት ያለባቸው» ብንላቸው ምን ያህል እንደምንስት አስቡት። ኤስ-አዴኖሲልሜቲዮኒን አላጡም፤ ዲ.ኤን.ኤ.ያቸውም ሜቲሉን አላጣም፤ ሁለቱ የቀደሙት እርምጃዎችም ይከናወናሉ። የጎደለው በአንድ ናይትሮጂን ላይ የሚታሰር አንድ ሜቲል ነው። (ዘሩ ከየት ሄደ፣ ጥቅሙስ ለማን ይገባል የሚለው ሙግት በወቅቱ ተነሥቶ ነበር፤ ሙግቱ ተገቢ ቢሆንም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።) ስለ አገራችን የቡና ዝርያዎች ለሚጽፍ ተማሪ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ካፌይኑን ብቻ ለክቶ ቴኦብሮሚኑን የተወ ሰው የትኛው በር እንደተዘጋ ሊናገር አይችልም።

ወደ ሕክምናው ልሻገር፤ የቃሉ መሸፈን ከሁሉ የከፋ ዋጋ የሚያስከፍለው በዚያ ነውና። ግሊዮብላስቶማ የተባለው የአንጎል ዕጢ ቴሞዞሎማይድ በሚባል መድኃኒት ይታከማል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በሰፊው የሚታወቀው ግኝት «ሜቲሌሽን ያለባቸው ሕመምተኞች በመድኃኒቱ የተሻለ ይጠቀማሉ» ተብሎ በአጭሩ ይነገራል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ ሜቲሎች አሉ። መድኃኒቱ ራሱ ዲ.ኤን.ኤ.ን ሜቲሌት የሚያደርግ ነው፤ የዕጢውን ህዋስ በዋነኛነት የሚገድለው በጉዋኒን 6ኛ ካርቦን ላይ ባለው ኦክስጅን የሚያሳርፈው ሜቲል ነው። ኤም.ጂ.ኤም.ቲ. የሚባለው የጥገና ፕሮቲን ያንን ሜቲል ነቅሎ በራሱ ሲስቲን ላይ ያስረዋል፤ በዚያችው ቅጽበትም ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ሦስተኛው ሜቲል ያለው ይህን የጥገና ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረመል መነሻ ላይ፣ በሳይቶሲን 5ኛ ካርቦን ነው፤ እሱ ሲበዛ ዘረመሉ ይዘጋል፣ ጥገናው ይቀንሳል፣ መድኃኒቱም ይሠራል። የመጀመሪያው ሜቲል ገዳይ፣ ሁለተኛው አዳኝ፣ ሦስተኛው የአዳኙን እጅ የሚያስር ነው። ለሦስቱም «ሜቲሌሽን» ብለን አንድ ስም ከሰጠን፣ «ሜቲሌሽን ሕመምተኛውን ይረዳል» የሚለውና «ሜቲሌሽኑ ተጠገነ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንባቢም ሐኪምም ግራ ይጋባል።

«ሜቲሌሽን ዘረመልን ያጠፋል» የሚለው የመማሪያ ክፍል አባባልም እንዲሁ ቦታ ካልተጠቀሰበት አይጸናም። በዘረመል መነሻ ላይ ያለ የሳይቶሲን ሜቲል በአመዛኙ ከዝምታ ጋር ይገናኛል፤ በዘረመሉ አካል ውስጥ ያለው ግን በሥራ ላይ ባሉ ዘረመሎች ዘንድ በብዛት ይታያል። ዲ.ኤን.ኤ. የሚጠመጠምበት ሂስቶን 3 በ4ኛው ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲል ሲይዝ ዘረመሉ ክፍት መሆኑን፣ በ9ኛው ወይም በ27ኛው ላይ ሲይዝ ዝግ መሆኑን ያመለክታል። ቡድኑ ያው አንድ ካርቦን ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው አድራሻው ነው።

አድራሻውን ያወቅንበት መንገድም መነገር አለበት። ከ1992 ወዲህ በስፋት የሚሠራበት የባይሰልፋይት ዘዴ ሜቲል የሌለውን ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ለውጦ ሜቲል ያለውን ይተወዋል። ዘዴው ድንቅ ነው፤ ሆኖም ሜቲል ያለውንና ሃይድሮክሲሜቲል ያለውን ሳይቶሲን አይለይም። በዚያ ላይ ከደም የተወሰደ ናሙና የብዙ ዓይነት ህዋሶች ድብልቅ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የታየ ልዩነት የሜቲል ለውጥ ሳይሆን የነጭ የደም ህዋሶች ምጥጥን ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህን የማነሣው በአገራችን አንድ አነጋገር እየበዛ ስለመጣ ነው። በየስብሰባው «የ1977ቱ ረሃብ በልጆቻችን ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ተጽፎ ቀርቷል» ሲባል እሰማለሁ። መነሻው ብዙውን ጊዜ የሆላንዱ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ያ ጥናት በ1944 እና 1945 የረሃብ ክረምት አካባቢ የተፀነሱ 60 ሰዎችን በረሃቡ ካልተፀነሱ ተመሳሳይ ጾታ ካላቸው ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ጋር አነጻጽሯል። ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ በደማቸው ውስጥ፣ ለዕድገት አስፈላጊ ከሆነ አንድ ዘረመል አጠገብ ያለው የሜቲል መጠን በአማካይ 48.8 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ በወንድሞቻቸውና በእህቶቻቸው 51.5 በመቶ ነበር። ጥናቱ ጥንቃቄ የተሞላበትና የሚከበር ነው። የነገረን ግን ሦስት ነጥብ የማይሞላ አማካይ ልዩነት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ናሙና ውስጥ መቆየቱን ነው። «ተጽፎ ቀርቷል» የሚለው አባባል ይህን ልዩነት ወደ ዕጣ ፈንታ ይለውጠዋል። የወሎ ወይም የትግራይ እናት ልጇ በኬሚስትሪ ተፈርዶበታል ብላ እንድታምን ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። በረሃብ የተጎዳ ሕዝብ ስለ ጉዳቱ ሊጠና ይገባዋል፤ ጥናቱ ግን የራሱን ናሙና፣ የራሱን ንጽጽርና የራሱን አድራሻ ይዞ መምጣት አለበት።

የፎሊክ አሲድም ነገር ከዚህ አይርቅም። በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራውና በ1991 የታተመው ሙከራ፣ ቀደም ሲል የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ልጅ በወለዱ እናቶች ዘንድ ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደጋገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ማስረጃው ጽኑ ስለሆነ መመሪያ ሊቆምበት ይችላል። ተማሪዎቻችን ግን ወዲያው «ይህም የሚሆነው በሜቲሌሽን ነው» ብለው ይቀጥላሉ። ፎሌት አንድ-ካርቦን ቡድኖችን ለሜቲዮኒን ብቻ ሳይሆን ለአዳዲስ ዲ.ኤን.ኤ. ግንባታ ቁሶችም ያቀርባል፤ በፍጥነት ለሚከፋፈል የፅንስ ህዋስ ሁለተኛው መንገድ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። የሚሠራ መድኃኒት ያልተረጋገጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ማብራሪያው ነገ ቢወድቅ ደግሞ መድኃኒቱን አብሮ እንዳይጥለው ያሰጋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ሰምተው «ዓለም አቀፎቹ መጽሔቶችም እንዲሁ ነው የሚጽፉት፤ ዐውዱ ይገልጸዋል» ይሉኛል። በአንድ ጠባብ ዘርፍ ውስጥ ለሚጽፉና ለሚያነቡ ሰዎች እውነት ነው። የእኛ ድኅረ ምረቃ ፈተና ግን ኬሚስቱን፣ ሐኪሙንና የአካባቢ ባለሙያውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል፤ ዐውዱ ለአንዱ የገለጸውን ለሌላው ይሸፍናል።

ሌላው ምክንያቴ ቋንቋችን ነው። «ሜቲሌሽን» ከእንግሊዝኛ እንደመጣ ስም ሆኖ ሲቀመጥ ማን ማንን የሚለውን ጥያቄ ያመልጣል። የአማርኛ ግሥ ግን ባለቤቱን ሳያመለክት አይቆምም። «ሜቲል መጨመር» የሚለው ስያሜ በአንዳንድ የማስተማሪያ ጽሑፎች ይታያል፤ እኔ አልወደውም። ወተት ላይም ውኃ ይጨመራል፣ ኤታኖል ላይም ሜታኖል ይጨመራል፤ መጨመር ትስስርን አይናገርም። «ሜቲል ማሰር» ይሻላል። «ኢንዛይሙ ሜቲሉን በ1ኛው ናይትሮጂን ላይ አሰረው» ስንል ባለቤቱም፣ ተሳቢውም፣ ቦታውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባሉ። የተሻለ ቃል ያለው ቢያቀርብ ደስ ይለኛል፤ ግሥ ይሁን እንጂ።

ለድኅረ ምረቃ ኮሚቴያችን የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ አዲስ ቅጽ ማውጣት አይደለም፤ ቅጽ በዝቶብናል። አማካሪዎች የመመረቂያ ጽሑፉን አኅጽሮት ሲያነቡ ቃሉን ባገኙበት ሁሉ በእርሳስ ያክብቡትና በኅዳጉ ላይ «የምን? የት? በምን? እንዴት ታወቀ?» ብለው ይጻፉ። ባለፈው ወር በእጄ የገባ አንድ ረቂቅ «በሕመምተኞቹ ላይ ከፍተኛ ሜቲሌሽን ታይቷል» ይል ነበር። ተመልሶ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ «ከዕጢ በተወሰደው ናሙና፣ በኤም.ጂ.ኤም.ቲ. ዘረመል መነሻ ላይ ያሉት ሳይቶሲኖች ሜቲል እንደታሰረባቸው በባይሰልፋይት ዘዴ ታይቷል፤ ዘዴው ሃይድሮክሲሜቲልን አይለይም።» ተማሪዋ ዐረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። በመከላከያው ዕለት የአካባቢ ሳይንስ ፈታኙ የጠየቋት ጥያቄ ግን ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ ናሙናው ቁጥር ነበር።